በየማታው አንድ ረድፍ

ዓላማን የሚያጸናው ትንሽ የዕለት ልማድ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ እናቴ በደብረ ታቦር ከተመዘገቡት እናቶች አንዷ ነበረች። ምኞቷ ወታደሩ ወንድሜ የሚልከውን ደብዳቤ፣ የቤቷን ምሥጢር ለጎረቤት ሳትገልጥ፣ ራሷ ማንበብ ነበር። የፊደል ገበታው 33 ረድፍ ነው። በየማታው ጥጥ ፈትላ እንዝርቷን ከማስቀመጧ በፊት አንድ ረድፍ ትቆጥራለች። እንግዳ ወይም የጉና ብርድ አንዱን ምሽት ቢያስታጉላት፣ በማግሥቱ ካቆመችበት ትቀጥላለች እንጂ ተስፋ አትቆርጥም። ጥቅምት ሲገባ ደብዳቤውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

እህቶቼ፣ ቁጠባም ይሁን ትምህርት፣ ዓላማችሁን ከማይቀር የዕለት ሥራችሁ ጋር አያይዙት። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ፣ ሁለተኛው እንዳይደገም ተጠንቀቁ።