ሊቀ መንበሩ ሲታመም

ባለፈው ክረምት ከየዩኒቨርሲቲው ለዕረፍት የተመለስን የድሬዳዋ ልጆች ማኅበር አቋቁመን፣ ለታናናሾቻችን የክረምት ትምህርት ለመስጠት ከዚራ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ስንሰበሰብ ሰነበትን። በሦስተኛው ሳምንት ሊቀ መንበራችን በወባ ተኝቶ ቀረ። የባንኩ ገንዘብ ያለ እርሱ ፊርማ አይወጣምና ደብተርና ጠመኔ መግዣ አጣን። እኛ የኮሚቴ አባሎችም «ዛሬ ነገ ይነሣል» እያልን ሕመሙን አሥራ አምስት ቀን ሸሸግን። ወሬው ግን መጋላን አልፎ ሳቢያን ደረሰ፤ «ገንዘቡን ይዞ ጠፋ» ተባለ። እውነቱን እያወቅን ዝም አልን።

ደንባችንን ብንገልጥ «ሊቀ መንበሩ በማይኖርበት ጊዜ ምክትሉ ይተካዋል» ይላል። አለመኖሩን ማን ይወስናል? ሲድንስ? ደንቡ መልስ የለውም። ምክትሉ ሥራውን ያዘ፤ ታማሚው ድኖ ሲመጣ ግን ወንበሩን አልለቅም አለ። አብረን ያደግን ልጆች በሁለት ተከፈልን።

ለካ የእኛ ጥፋት የአገር ጥፋት ታናሽ ወንድም ኖሯል! ከተማችን በ1895 ዓ.ም. በባቡሩ ምክንያት ስትቆረቆር በዙፋን የነበሩት ዐፄ ምኒልክ፣ ሕመም ሲጸናባቸው በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አደረጉ። እንደራሴው በ1903 ዓ.ም. ቀድመው ሞቱ። ንጉሡም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ተሸሸገ። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ፣ በዚሁ በሐረርጌ ሳሉ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተሻሩ።

እኛ ሕፃናት ሳለን ደግሞ፣ በ2004 ዓ.ም. ክረምት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሁለት ወር ያህል ከሕዝብ ዓይን ራቁ። ትልልቆቹ «አሉ? የሉም?» ሲባባሉ ከርመው፣ ማረፋቸው ነሐሴ 15 ቀን ተነገረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 75 ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖሩበት ጊዜ ተክቷቸው እንደሚሠራ ይናገራል፤ ስለ ሞትና ስለ ረጅም ሕመም ግን በግልጽ አላሰፈረም። አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። ርክክቡ በሰላም አለፈ፤ ሰላሙ ግን ከጽሑፉ ይልቅ ከሰዎቹ ስምምነት የመጣ ይመስለናል። ሰዎች ባይስማሙስ?

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1967 ባጸደቁት ማሻሻያ፣ ፕሬዚዳንቱ ሥራውን መሥራት አለመቻሉን ምክትሉና አብዛኞቹ ሚኒስትሮች በጽሑፍ ይገልጣሉ፤ ሲሻለውም በጽሑፍ አስታውቆ ይመለሳል፤ ክርክር ቢነሣ ሁለቱ ምክር ቤቶች ይወስናሉ። መታመም ነውር አለመሆኑን ሕጉ አስቀድሞ አምኗል።

እኛም ዘግይተን ደንባችንን አረምን። ሁለተኛ ፈራሚ ሾምን፤ የታመመ ሹም በገዛ ቃሉ ወደ ቦታው እንዲመለስም ጻፍን። ያ ጓደኛችን ግን ዛሬም ስብሰባ አይመጣም፤ በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታውን አሳጥሮ ያልፋል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የየማኅበራችሁን ደንብ ሁሉም ጤነኛ ሳለ ግለጡት።