«ቲቸር፣ እቺ ቀዳዳ በደንብ አልተከፈተችም»

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ አሮጌ ክላርኔት ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ዝቋላ አስተምር ነበር። የገዳሙን ዝቋላ ሳይሆን፣ ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሲወረድ ያለውን የዋግ ኽምራውን ማለቴ ነው። ለሙዚቃ ክበባችን ብዬ አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ ክላርኔት ገዛሁ። እዚያው ሞከርኩት፣ ድምፁ ደስ አለኝ፣ ከፍዬ ይዤው ሄድኩ።

ክበቡ ውስጥ ዋሽንት እየነፋ ያደገ አንድ ልጅ ነበር። ክላርኔቱን ሰጠሁት። ብዙም ሳይቆይ በትዝታ ቅኝት ይጫወትበት ጀመር። ችግሩ ከኪቦርዱ ጋር ሲሆን ነው፤ አልገጥም አለ። አንዱ ድምፅ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል።

መጀመሪያ በአየሩ አሳበብኩ። ነገሩ እውነትነት አለው። የቱቦው አየር ሲሞቅ ድምፅ ፈጥኖ ስለሚጓዝ ቃናው ይወጣል፤ ሲበርድ ይወርዳል። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት መሣሪያውን በትንፋሽ እናሞቀው ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ቆላው ሲግል ደግሞ ባሬሉን ትንሽ ሳብ እናደርገው ነበር። ግን ሙቀት ሁሉንም ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚወስደው። የእኛው አንዱን አውርዶ ሌላውን የሚያወጣ ነበር። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

አልነቃሁም። በልጁ አሳበብኩ። «ሪዱን እየነከስክ ነው፣ ከንፈርህን አላላ» አልኩት። እውነትም ይነክስ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ክላርኔቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ቲቸር፣ እቺ ቀዳዳ በደንብ አልተከፈተችም። ዋሽንት ላይ ጣት ሙሉ ካልተነሳ ድምፁ ይወርዳል» አለኝ።

«ይሄ ዋሽንት አይደለም» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እሱም አንድ ቀን ሲመጣ አንድ ቀን ሲቀር ቆይቶ፣ በመጨረሻ ክበቡን ተወ።

ከዓመታት በኋላ ክላርኔቱን አዲስ አበባ ለሚኖሩ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩላቸው። «ዓይንህን ጨፍነህ ንፋ፤ ድምፁ ሲረጋ ብቻ ገልጠህ ቱነሩን እይ» አሉኝ። ለምን ስላቸው፣ «እያየህ ከነፋህ ከንፈርህ መርፌውን ይከተላል» አሉ። እንዳሉኝ አደረግኩ። የግራ እጅ አውራ ጣትና ሦስቱ ጣቶች ተዘግተው፣ ቀኝ እጅ ሲነሳ የሚወጣው የታችኛው ዶ ወረደ። የሬጂስተሩን ቁልፍ ጨመርኩበት፤ ሶሉም ወረደ።

ዋሽንት በጠንካራ ትንፋሽ ኦክታቩን ነው የሚሰጠው፤ ክላርኔት ግን አሥራ ሁለተኛውን ድምፅ። ስለዚህ ዶውና ሶሉ የሚጋሩት አንድ ቀዳዳ ነው። «ሁለቱም አብረው ከወረዱ ከንፈሩን ተወውና ቀዳዳውን እይ» አሉኝ። አየን። በታችኛው አካል ጫፍ ላይ ያለውን ፓድ የሆነ ሰው በወፍራም ቀይሮታል። ፓዱ ሲነሳ ከቀዳዳው ብዙም አይርቅም። በቀጭን ቀየሩት፣ ቡሹን አስተካከሉት፣ አለቀ። ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ።

ልጁ የነከሰው የወረደውን ድምፅ ለማንሳት ነበር። ሲነክስ ደግሞ ጤነኞቹ ድምፆች ይወጡበታል። እኔ ስነፋው ያልተሰማኝ፣ ከንፈሬ ከልምድ ብዛት ሳላውቀው ስለሚያስተካክለው ነው። ልምዴ ጥፋቱን ሸፈነው፤ የሱ ጆሮ አገኘው።

ጌታቸው መኩሪያ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን የመጣው ከክራርና ከማሲንቆ ነው፤ በኋላም ሽለላን በሳክስፎን አሰማን። ይሄን ክፍል ውስጥ በኩራት የማስተምረው እኔው ነኝ። ከዋሽንት የመጣውን ልጅ ግን «ይሄ ዋሽንት አይደለም» አልኩት።

ያገለገለ ክላርኔት የምትገዙ፦ አንደኛ፣ አካሉን ለብቻ ያዙ፣ ቀዳዳዎቹን በጣት፣ የታችኛውን ጫፍ በመዳፍ ዝጉና ከላይ አየሩን ምጠጡ፤ ስቦ ካልያዘ ያፈሳል። ሁለተኛ፣ ሁሉም ድምፅ እኩል ከወጣ ወይም ከወረደ ባሬሉን፣ ማውዝፒሱንና ሙቀቱን ጠርጥሩ። ሦስተኛ፣ አንድ ድምፅና አሥራ ሁለተኛው ብቻ ከወረዱ ቀዳዳው ቆሽሿል ወይም ፓዱ በቂ አይነሳም። አራተኛ፣ ይሄን ሁሉ ሳታዩ ተማሪውን አትቆጡ።

አንተ ልጅ፣ ምናልባት ይሄ ጽሑፍ በሰው በሰው ከደረሰህ፦ ትክክል ነበርክ። ያኔ ልጆቹ ፊት ነበር የተናገርኩህ፣ ስለዚህ ይሄንንም ሰው ፊት ነው የምለው። ይቅርታ አድርግልኝ። ክላርኔቱ ተጠግኗል፣ ያንተ ነው። መልእክት ላክልኝ።