በቀለም የማይድን ወለል

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጣና ዳር የቆመችውን አሮጌ የመዝናኛ ጀልባውን የነካት አልነበረም። ዘንድሮ ልጄ ለፋሲካ ልጆቹን ወደ ዘጌ ሊወስድባት አሰበ። ወለሏ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲረገጥ ይሰረጉዳል።

«እማዬ፣ ቀለም ቀብተን ምንጣፍ እናንጥፍበት፤ ለአንድ ቀን ነው» አለኝ።

እሺ ልለው ነበር። ግን ስንት ዓመት ቁስል ሳጥብ ኖሬያለሁ፤ መግል የቋጠረ ቁስል በፋሻ አይድንም። መዶሻ ይዤ፣ ሐኪም የበሽተኛ ደረት መትቶ እንደሚያዳምጠው ወለሉን ቀስ እያልኩ መታሁት። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይታፈናል። የሚሰረጉደው ስንዝር አይሞላም፤ ብስባሹ ግን እስከ መቀመጫዎቹ ደርሷል። ውሃው የገባው በመቀመጫዎቹ ብሎን ቀዳዳ ነበር።

አናጢው የላዩን ፋይበር ግላስ ቆርጦ ሲያነሳ፣ ከሥሩ ያለው ኮምፔንሳቶ እንደ ረጠበ ዳቦ ተፈረፈረ። እስከ ደህናው እንጨት ድረስ ተቆርጦ ወጣ። የቀረው እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ አዲስ ኮምፔንሳቶ በኤፖክሲ ሙጫ ተጣበቀ፣ ላዩ በፋይበር ግላስ ተሸፈነ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹም ተደፈኑ።

ፋሲካ አለፈ፤ ልጆቹ አኮረፉኝ።

በግንቦት ዘጌ ስንሄድ ትንሿ የልጅ ልጄ ወለሉ ላይ ትዘል ጀመር። ልጄ ዞሮ አየኝ፤ «ተይ» ግን አላላትም።