ሱቅ የሮጠ፣ ቤት ያነከሰ

እኅቴ ዱባይ በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን 36,000 ብር የላከችልኝ ለልጇ ኮምፒዩተር እንድገዛለት ነበር። ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ልጁ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከእኔና ከእናቴ ጋር ይኖራል። ከትምህርት ቤት እንደወጣ የሚገባው ሰፈራችን ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እናቱ ማታ ስትደውል ወይ የለም፣ ወይ ገና መግባቱ ነው። «እቤቱ ይጫወት፤ ባላየው እንኳ የት እንዳለ ልወቅ» አለችኝ። ለትምህርቱም ይረዳዋል ተባብለናል። መቼም ይህን ሁሉም ይለዋል፣ ማንም አያምነውም።

ገዛሁ። መገናኛ አካባቢ ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ከሚሸጥ ወጣት። ውስጡ ያለው ግራፊክስ ካርድ ጂቲኤክስ 1060 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ባለ 6 ጊጋባይት ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ ቢሆንም ልጁ ለሚመኘው ጂቲኤ 5 ለተባለው ጨዋታ አያንስም። ጨዋታው ራሱ ለኮምፒዩተር የወጣው ከካርዱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነውና።

የመጀመሪያው ምሽት ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ። እናቴ ሳትቀር ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ጨዋታው ተከፈተ፤ ልጁ መኪና ውስጥ ገባ፤ ነዳ። መኪናዋ ግን አትሄድም፤ አንዱ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሌላው እንደሚተካ ዓይነት ትዘላለች። ወደ ግራ ሲላት ቆይታ፣ አስባበት፣ ግድግዳ ከመታች በኋላ ትዞራለች።

እንዲህ ያለው ጨዋታ እንደ ሲኒማ ተቀርጾ የተቀመጠ አይደለም። እያንዳንዱ ሥዕል የሚሣለው እዚያው፣ ልጁ ቁልፉን ሲጫን ነው። በሴኮንድ 60 ሥዕል እንዲታይ ከተፈለገ ለአንዱ ሥዕል ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሴኮንድ ያንሳል። ሲኒማ በ24 ሥዕል ዓይናችንን ያታልላል፤ ጨዋታ ግን እጅንም ማታለል ስላለበት 24 አይበቃውም። የእኛው በጥግ ያለው ቁጥር 14 ይላል።

«አጎቴ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ያለው አሮጌው እንኳ ከዚህ ይሻላል» አለኝ ልጁ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ወደዚያው ሄደ።

እኔ ደግሞ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ የያዝኩ ሰው ነኝና ምርመራ ጀመርኩ። የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አደረግሁ። ዛፎቹ ጥላቸውን አጡ፤ ቁጥሩ 22 ገባ። ድራይቨር የሚሉትን፣ ካርዱንና ዊንዶውስን የሚያግባባውን ፕሮግራም አዲሱን ጫንኩ፤ ምንም። ሣጥኑን ስከፍት (ሣጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» እንለዋለን፤ እውነተኛው ሲፒዩ ውስጡ ያለች ከብስኩት የምታንስ ቁራጭ ናት) አቧራው የሱፍ ጨርቅ ይመስላል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አነበብኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው ክብደቱ። ፋን ደግሞ የሚያንቀሳቅሰው የአየሩን ስፋት እንጂ ክብደቱን አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ዙር የሚጠርገው ሙቀት ያንሳል። ለሯጮቻችን ሳንባ የበጀው ከፍታ ለማሽን አይበጅም ማለት ነው። ከመጠን በላይ የሞቀ ማሽን ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገማል። አገኘሁት ብዬ በቀለም ብሩሽ ጠራረግሁ። የሲፒዩው ሙቀት ከ85 ወደ 68 ዲግሪ ወረደ፤ ጥላውን ለዛፎቹ መለስኩ። ቁጥሩ? 14።

ይህን ጊዜ ነው እጄን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያሳረፍኩት። ጨዋታው እየሄደ ካርዱ ቀዝቃዛ ነው። ፋኖቹም አይዞሩም። የሙቀት መለኪያው ፕሮግራም 36 ዲግሪ ይላል። በቃ፣ በድን ካርድ ነው የሸጠልኝ!

በማግስቱ ሣጥኑን በኮንትራት ታክሲ ጫንኩ፤ ሊፍቱ ስለማይሠራ አራት ፎቅ ተሸከምኩት። ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ልጁ «ደህና አደሩ?» ሲለኝ ሰላምታውን አልመለስኩም። ሌባ አልኩት። በሰው ቤት ጉልበቷን የጨረሰችን ሴት ገንዘብ እንደበላ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ፤ ግን አንድ ቃል አልመለሰም። ሣጥኑን ተቀብሎ ከራሱ ስክሪን ጋር አገናኘና ያንኑ ጨዋታ ከፈተው። መኪናዋ እንደ ውኃ ፈሰሰች። ቁጥሩ ከ70 በላይ። ፋኖቹ ይዞራሉ። ከደንበኞቹ አንደኛው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«እቤት መብራት ይወርዳል?» አለኝ ሻጩ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ይወርዳል አልኩ። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም። ምን እንደያዘኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እቤት መለስኩት፤ 14። በመንገዴ ስታብላይዘር በ2,800 ብር ገዝቼ ነበር፤ በሱም 14። አሁን ሲገባኝ፣ የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ መጠነኛ የቮልቴጅ መውረድን ራሱ ይችላል፤ ካልቻለም ድርግም ይላል እንጂ መኪና አያዘገምም።

የዚያን ዕለት ማታ እኅቴ ደወለች። «ኮምፒዩተሩ እንዴት ነው?» አለች። «እጅግ ጥሩ» አልኳት። «ልጄስ?» ብላ ስትጠይቅ «ሱቅ ልኬዋለሁ» አልኩ። ከሌሊቱ... ይቅርታ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ዝም አለች። የትኛው ሱቅ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ልጁ ሲገባ ልቆጣው አስቤ አቃተኝና የሆነውን ሁሉ፣ ስድቡንም ጭምር፣ ነገርኩት። እሱም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሰማኝና «ሱቁ ውስጥ የነበረ፣ እቤት የሌለ ምንድን ነው?» አለ። ጥያቄው የእኔ መሆን ነበረበት። ቆጠርን፦ መብራቱ፣ ጠረጴዛው፣ ስክሪኑ፣ ገመዱ። የእነሱ ገመድ ረዥም ነበር። የእኛው አጭር ነው፤ ሣጥኑ ወለል ላይ ስለሚቀመጥ ወደ ስክሪኑ ስስበው ተወጥሮ ነው የደረሰው። ልጁ የስልኩን መብራት ይዞ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

«አጎቴ፣ እዚህ ጋ እኮ ሁለት ናቸው።»

ከሣጥኑ ጀርባ ሁለት አንድ ዓይነት የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች አሉ። የላይኛው ከማዘርቦርዱ የሚወጣ ነው፤ የታችኛው ከግራፊክስ ካርዱ። አጭሩ ገመዴ የሚደርሰው ላይኛው ጋ ብቻ ስለነበር እዚያ ሰካሁት፤ ሥዕል መጣ፤ ሌላ አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ሁሉ ከተማ ስትሥል የኖረችው ሲፒዩው ውስጥ ያለችው ትንሿ ሣይ ናት። እሷ የራሷ ማኅደር እንኳ የላትም፤ ከኮምፒዩተሩ ራም እየተበደረች ነው የምትሠራው። ያ ራም በሴኮንድ ቢበዛ 34 ጊጋባይት ግድም ያመላልሳል፤ እሱንም ከሲፒዩው ጋር ተካፍላ። የካርዱ ማኅደር ግን 192 ያመላልሳል። ካርዱ ሥራ የሚሰጠው አጥቶ ነበር የቀዘቀዘው። የዚህ ዓይነቱ ካርድ ፋኖች ደግሞ ካልሞቀ አይዞሩም፤ ተበላሽተው ሳይሆን ተፈጥሯቸው ነው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ካርድ ሲገባለት የራሱን መሰኪያ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ይጨልምና ስሕተቱ በደቂቃ ይታወቃል። የእኛው ክፍት ተደርጎ ነበርና በግማሹ ሠርቶ ሙሉ ሳምንት አሰቃየኝ።

ስክሪኑን ከጠረጴዛው አውርደን ወለል ላይ አስቀመጥነው፤ ገመዱን ታችኛው ላይ ሰካነው። ልጁ በሆዱ ተኝቶ ነዳ። 74።

በማግስቱ አራቱን ፎቅ ወጣሁ። ሣጥኑን ሳልይዝ እንኳ ደረጃው ከበደኝ። ሻጩ ሲያየኝ ቆመ። በዚያ ቀን የነበሩት ደንበኞች ባይኖሩም ሌሎች ሁለት ነበሩ፤ እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ገመዱን የት እንደሰካሁት ተናገርኩና «ያልኩህ ሁሉ ሐሰት ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ጥቂት ዝም አለ።

«እኔም ከጀርባው ወረቀት መለጠፍ ነበረብኝ» አለ። «ከዚህ በፊትም ሁለት ሰው እንዲሁ አድርጓል።»

«እነሱም ሰደቡህ?»

«አይ፣ እነሱ በስልክ ነው የጠየቁኝ።»

ባለ ሦስት ሜትር ገመድ ገዛሁት። ከዋጋው አልቀነሰልኝም፤ እኔም አልተከራከርኩም።

ማታ እኅቴ ስትደውል ልጇ ራሱ ስልኩን አነሣ፤ በአንድ እጁ እየነዳ። «የት ነህ?» ስትለው ሰማሁ። ካሜራውን ወደ ስክሪኑ አዞረላት፤ ፀሐይ የምትጠልቅበት የባሕር ዳር መንገድ ነበር።

«ዱባይ መሰለ እኮ» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያ ገንዘብ ሱቅ የላክኸው ዕለት አልሠራም ነበር አይደል?» ብላ ለእኔ ጠየቀችኝ።

«አልሠራም ነበር» አልኳት።