«ትከሻዬን ነው»

ባለቤቴ ሕመሙን የሚደብቅ ሰው ነው። በእናንተም ቤት እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም ብዬ ስለማስብ ይህን እጽፍላችኋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምናገለግልበት ቆላማ ከተማ፣ ባለቤቴ የታመሙ ሰዎችን ጠይቆ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠ። ማታ ግራ ጎኑን ይዞ ገባ። ደም የለም፤ ስብራት የለም። «ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ» አለኝ። ተመስገን ብለን ተኛን። እሑድም ቆሞ ሰበከ።

በአምስተኛው ቀን «ግራ ትከሻዬን ነው የሚያመኝ» አለ። ትከሻው አልተመታም ነበር። ብርድ ነው ብዬ ቅባት አሸሁለት። ጎረቤታችን ወጌሻ እንድጠራ መከሩኝ፤ ልልክም ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ከወንበሩ ሲነሣ አዞረው፤ ፊቱ ገረጣ፤ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው። ነርስ የሆነች የቤተ ክርስቲያናችን እህት ደርሳ የልብ ምቱን ያዘችና «በቅርቡ ወድቆ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሴን እንደ ሰማች «አሁኑኑ ሆስፒታል!» አለች። በአልትራሳውንድ ሲታይ ሆዱ ውስጥ ደም ፈስሷል። ጣፊያው ተቀዶ ነበር። በዚያው ሌሊት በቀዶ ሕክምና ወጣለት።

ጣፊያ ከግራ የጎድን አጥንቶች ሥር የሚገኝ፣ ጭብጥ የሚያህልና ብዙ ደም የሚያልፍበት ክፍል ነው። ያረጁ የደም ሕዋሳትን ያጣራል፤ በሽታንም ይከላከላል። ወባ ሲደጋገም ወይም ካላዛር ሲይዝ ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ደግሞ በቀላል ምት ሊቀደድ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደሙ ወዲያው አይፈስም፤ ከቀናት፣ ከሳምንታትም በኋላ ሊፈነዳ ይችላል። ትከሻን የሚያመው ደሙ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ስለሚቆጠቁጥ ነው፤ የዚያ ጡንቻ ነርቭና የትከሻ ነርቭ ከአንድ ቦታ ይነሣሉና።

ስለዚህ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ከቤታችሁ ሰው ከወደቀ፣ በኳስ ሜዳ ከተመታ ወይም ከብት ከረገጠው በኋላ እነዚህን አስተውሉ፦ በግራ በኩል ከጎድን በታች የሚሰማ ሕመም፣ ያልተመታ የግራ ትከሻ ሕመም፣ የሆድ መነፋትና መጠጠር፣ ማዞር፣ መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን። ሆዱን አታሹት፤ ለወጌሻ አትስጡት። የሚበላና የሚጠጣም አትስጡት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላልና። አስተኝታችሁ ወደ ሆስፒታል ፍጠኑ፤ መውደቁንም ለሐኪሙ ንገሩ። ሁሉም አይቀደድም፤ አንዳንዱ በሆስፒታል ክትትል ብቻ ይድናል። ያንን ግን ሐኪም ይወስን።

ባለቤቴ ዛሬ ደህና ነው። ጣፊያ ስለሌለው የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት ወስዷል፤ ያለ አጎበር አይተኛም፤ ትኩሳት ከተሰማው ሳናድር ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።

በሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ «ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «አንቺን ላለማስጨነቅ» አለኝ። እኔም ብሆን «ደህና ነኝ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ መጠየቄን አቁሜ ነበር። አሁን በቤታችን ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ? አሳየኝ።» እናንተም ዛሬ ማታ ጠይቁ።