የጠፋችው ቡሶላ

ልጄ ዘንድ ሳን ዲዬጎ የሄድኩት የልጅ ልጄን ለማየት እንጂ የጦር መርከብ ለመጎብኘት አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ግን አያቱን የት እንደሚወስዳት ገና ሳልመጣ ወስኖ ጨርሷል። ግድግዳው ላይ አውሮፕላን፣ አልጋው ላይ አውሮፕላን፣ ወሬው ሁሉ አውሮፕላን ነው። እኔ ደግሞ የጦር ነገር ደስ አይለኝም። በደርግ ጊዜ ከግንባር የሚመጡ ቁስለኞችን የተቀበልኩ ነርስ ነኝና መሣሪያ ቆሜ ማድነቅ አይሆንልኝም። "እማዬ፣ ለእሱ ስትዪ" አለችኝ ልጄ። ለእሱ ብዬ ሄድኩ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወደቡ ደረስን። በግንቦትና በሰኔ በዚያ ከተማ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ የሚነሳ ደመና ሰማዩን ይሸፍነዋል። "የካሊፎርኒያ ፀሐይ የምትሉኝ ይቺ ናት?" ብዬ ነጠላዬን ተከናነብኩ። ከመርከቧ አጠገብ ካለው መናፈሻ አንድ መርከበኛ ነጭ የለበሰች ሴት አቅፎ ሲስም የሚያሳይ ከሰባት ሜትር በላይ የሚረዝም ሐውልት ቆሟል። ጎብኚው ሁሉ ከሥሩ ፎቶ ይነሳል። መነሻው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቃቱ በተሰማበት ቀን ኒውዮርክ ላይ የተነሳ ዝነኛ ፎቶ ነው። ሴትየዋን ሁሉም ሰው "ነርሷ" ይላታል። ብዙዎች እሷ ናት ብለው የተቀበሏት ሴት ግን የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች፤ ሰውዬውን አታውቀውም፣ ሳመኝም አላለችውም። ይህን ለልጄ ስነግራት "እማዬ፣ ዛሬ እንኳን አትከራከሪ" ብላ ጎተተችኝ።

መርከቧ ሚድዌይ ትባላለች። ሥራ የጀመረችው ጃፓን የመሸነፊያ ውሏን በፈረመች በስምንተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1945 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከ47 ዓመት አገልግሎት በኋላ በ1992 ጡረታ ወጣች፤ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ሙዚየም ናት። ርዝመቷ 300 ሜትር ያህል ስለሆነ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስትሄዱ መርከብ ላይ መሆናችሁን ትረሳላችሁ። በሥራ ላይ ሳለች 4,500 ያህል ሰው ሆዷ ውስጥ ያድር ነበር፤ እኔ ከሠራሁባቸው የወረዳ ከተሞች አንዳንዶቹ ይህን ያህል ሕዝብ አልነበራቸውም። ደረጃዎቿ ግን ደረጃ አይባሉም፣ መሰላል ናቸው። ጉልበታችሁ የሚያማችሁ እኩዮቼ፣ አሳንሰር ስላለ ጠይቁ እንጂ እንደኔ አትኩሩ።

የአውሮፕላን ማረፊያው ከላይ ነው። ነፋሱ ነጠላ አያስይዝም። ልጁ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሲሮጥ እኔ ጥላ ፍለጋ አንድ ክንፏን ወደ ላይ ያጠፈች አውሮፕላን ሥር ቆምኩ። መልከ ጥፉ ናት። ፊቷ ወፍራም፣ ወደ ጅራቷ እየቀጠነች የምትሄድ፣ ከመስታወቷ ፊት ለፊት ደግሞ የተቆለመመ ቧንቧ የበቀለባት። ለእኔ ከዶሮ ወጥ የወጣች ቅልጥም መሰለችኝ። ልጄ ይህንን አጠገባችን ለቆሙት አዛውንት ብትተረጉምላቸው ከት ብለው ሳቁ። በሙዚየሙ በነፃ ከሚያገለግሉት የቀድሞ ባሕርተኞች አንዱ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የዚህችኑ ዓይነት አውሮፕላን ይጠግኑ ነበር።

ስሟ ኤ-6 ኢንትሩደር ነው፤ ሰርጎ ገብ እንደማለት። ግሩማን የተባለው ኩባንያ ሠርቷት ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በ1960 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እስከ 1997 ድረስ ተጠቅሞባታል። አብራሪውና መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ሰው በታክሲ ጋቢና እንደተቀመጡ ሁሉ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ያ የተቆለመመ ቧንቧ አየር ላይ እያለች ከሌላ አውሮፕላን ነዳጅ የምትጠጣበት ነው። ሥራዋ በሌሊት፣ በዝናብና በጉም ዝቅ ብላ ገብታ ቦምብ ጥሎ መመለስ ነበር። እስከ ስምንት ቶን ትሸከማለች። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ሰውዬው እጃቸውን ሆዷ ላይ አድርገው ነበር፤ ባላገር በሬውን ሲዳብስ እንደሚያደርገው።

ስንጫወት ለካስ አዛውንት ያልኳቸው ሰው እኩያዬ ናቸው! እ.ኤ.አ. በ1979 ማብቂያ ላይ ኢራን ውስጥ የአሜሪካ ኤምባሲ ሰዎች ሲታገቱ ሚድዌይ ወደ አረቢያ ባሕር ተላከች፤ እሳቸው ያኔ የ19 ዓመት ልጅ ነበሩ። በእኛ 1972 ዓ.ም መሆኑ ነው። ያን ጊዜ እኔ የነርስ ተማሪ ሆኜ አልጋ ማንጠፍ እየተማርኩ ነበር። "ከአገርሽ ብዙም ሳንርቅ ሳምንታት ቆይተናል፤ መሬት የሚባል ግን አላየንም" አሉኝ።

የጥገና ሠራተኛ ኑሮ እንደ ፊልሙ አይደለም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገብቶ ንጋት አንድ ሰዓት መውጣት፣ ከዚያ አውሮፕላን ከሚያርፍበት ብረት ሥር በተደራረበ አልጋ መተኛት። እንቅልፍ ሲወስድህ ከጭንቅላትህ በላይ ብዙ ቶን ይወድቃል አሉኝ። ሙቀቱ፣ ከምግቡም ከአንሶላውም የማይለቀው የነዳጅ ሽታ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ጨው። የባሕር አየር ብረት ይበላል፤ ስለዚህ ያጥባሉ፣ ዝገት ይፍቃሉ፣ ይቀባሉ፣ በማግሥቱ እንደገና ይጀምራሉ። ቁስል እንደማጠብ ነው፤ ዛሬ አጸዳሁት ብሎ ነገ መተው የለም። የድሮዎቹ ኤ-6 ኮምፒውተሮች ደግሞ በየጊዜው እየተበላሹ መከራ እንዳሳዩዋቸው ነገሩን።

የልጅ ልጄ ስለ ሹራብ ቀለሙ ጠየቃቸው። ጩኸቱ ሰው ስለማያሰማማ እዚያ ላይ ሰው የሚታወቀው በሹራቡ ቀለም ነው። ነዳጅ የሚሞሉት ሐምራዊ፣ ቦምብና ሚሳይል የሚጭኑት ቀይ፣ አውሮፕላን መርተው የሚያንቀሳቅሱት ቢጫ፣ እንደ እሳቸው ያሉ ጠጋኞች አረንጓዴ ይለብሳሉ። "የሕክምናውስ?" አልኩኝ። ነጭ፣ ቀይ መስቀል ያለበት። ሳላስበው ቀና ብዬ ቆምኩ።

እዚያ ላይ በየቀኑ ደጋግመው የሚሠሩትን አንድ ነገር ሲነግሩኝ ግን እግሬ ከቆመበት አልነቃነቅ አለ። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ከመኮንን እስከ ተራ መርከበኛ ትከሻ ለትከሻ ይሰለፉና መሬት መሬቱን እያዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ። ቡሎን፣ የሽቦ ቁራጭ፣ ጠጠር፣ ያገኙትን ሁሉ ይለቅማሉ። የሞተሩ አፍ የምድሩን ሁሉ ስለሚስብ አንዲት ዳዶ ከገባች ሞተሩ አለቀለት። ሰውም ይስባል። በ1991 (እ.ኤ.አ.) የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ሌላ መርከብ ላይ አንድ ወጣት በሌሊት የኤ-6 ሞተር ሙሉ ሰውነቱን ውጦት ነበር። ሄልሜቱ ቀድሞ ገብቶ ሞተሩን ሲሰባብረው ጠፋ፤ ልጁ ቆስሎ ተስቦ ወጣ። በቪዲዮ ተቀርጿል። እኔ ማየት አልፈለግሁም።

መሣሪያም ይቆጠራል። የእያንዳንዱ ጠጋኝ ሣጥን ውስጥ ለየቁልፉ፣ ለየካቻቪቴው፣ ለየፒንሳው በቅርጹ የተቆረጠ ቦታ አለው፤ አንዱ ከጎደለ ባዶው ጉድጓድ አፍጥጦ ያያችኋል። አንድ ሌሊት ሰውዬው የሞተር ክዳን ውስጥ ሲሠሩ አድረው ሣጥናቸውን ሲዘጉ አንዲት ቡሶላ የለችም። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል። አውሮፕላኗ ንጋት ላይ ለበረራ ተመድባለች። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? ገና የ19 ዓመት ልጅ ናቸው፣ አለቃቸውን ይፈራሉ፣ ጓደኞቻቸው ደክሟቸዋል። ሄደው ተናገሩ። አውሮፕላኗ ከበረራ ተሰረዘች። አምስት ሰዓት ሙሉ ክዳን እየፈቱ በባትሪና በመስታወት ፈለጉ፤ ጓደኞቻቸው እየረገሟቸው። ቡሶላዋ ከሞተሩ ሥር አንድ ጥግ ተሸጉጣ ተገኘች። አለቅዬው አልሰደቧቸውም፣ ጎበዝም አላሏቸውም፤ "ሂድ ቡናህን ጠጣ" ብቻ አሏቸው።

እኔም ቆጣሪ ነበርኩ። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጎዙ፣ መርፌው፣ መቆንጠጫው ይቆጠራል። ሥራዬን በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል፣ ሌሊት አንዲት እናት በቀዶ ጥገና ወለደች። ውጭ ሌሎች ሁለት ይጠብቃሉ። ያወጣሁት ጎዝ 30፣ የተመለሰልኝ 29። ተናገርኩ። ሐኪሙ "ድገሚው" አለኝ፤ ደገምኩት፣ 29 ነው። "እንግዲያው መጀመሪያ ስትቆጥሪ ተሳስተሻል" ብሎ መስፋት ጀመረ። እኔም ወረቀቱ ላይ 30 ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በ12ኛው ቀን ሴትየዋ በትኩሳት ነድዳ፣ ሆዷ አብጦ ተመለሰች። እንደገና ተከፍታ ጎዙ ወጣ። ተረፈች። ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ወረቀቱ ትክክል ነበር።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቁጥር ሳይሞላ አላዘጋሁም። ተሰድቤበታለሁ፣ "ቆጣሪዋ" የሚል ስም ወጥቶልኛል። ግን እዚያ ነፋስ ላይ ቆሜ የቀናሁት በሰውዬው ብርታት አልነበረም። በቡናው ነው የቀናሁት።

ቀደም ብዬ ያሳደርኩትን ጥያቄም አላስቀረሁትም። ይህ ሁሉ ቆጠራ ሁለት ሰው በሰላም እንዲመለስ ነው፤ ደግ። ከሥር ያሉትንስ ማን ቆጠራቸው? ልጄ መተርጎም አልፈለገችም፤ በራሴ እንግሊዝኛ ጠየቅሁ፣ ነርስነት የተማርኩበት እንግሊዝኛ ለዚህ አያንስም። አልተቆጡም። በእሳቸው ጊዜ አውሮፕላኗ ቦምብ ይዛ ሄዳ ይዛው ትመለስ እንደነበር፣ ከእሳቸው በፊት ቬትናም ላይ፣ በኋላም ኢራቅ ላይ የነበሩት ጠጋኞች ግን ክንፏ ባዶ ሆኖ ስትመጣ ደስ ይላቸው እንደነበር ነገሩኝ። ሞተሩ ሠራ፣ ኮምፒውተሩ ሠራ፣ ልጆቻችን ተመለሱ ብለው። "አሁን ሽምግልና ላይ እናወራዋለን" አሉ። ብዙ አልጨመሩም፣ እኔም አልገፋሁም።

ወደ ታች ወርደን የመርከቧን ሕክምና ክፍል አየን። የኦፕሬሽን አልጋው ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ራስ ይነካል። ይህ ሁሉ ሲወዛወዝ እንዴት ይሰፋ ነበር? ጓንት የለበሰ አሻንጉሊት ሐኪም ቆሟል። ልጁ እጄን ይዞ "ምን እየቆጠርሽ ነው?" አለኝ፤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ ነው።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ገለል ብሎ እውነተኛዋ ፀሐይ ወጣች። ሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ኤል ካሆን መንገድ ስንሄድ ልጁ ከኋላ ወንበር ተኛ። ልጄ "ከሰውዬው ጋር መጨረሻ ላይ ብቻችሁን ምን ነበር ያን ያህል ያወራችሁት?" አለችኝ። የጎዙን ነገር ነገርኳት። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ለአባቷም ነግሬው አላውቅም። ሁለት መብራት ዝም ብላ ነዳች።

"ሴትየዋ ስሟ ማን ነበር?" አለችኝ።

ነገርኳት።