አደራ በላሁ፣ ፍረዱኝ!

ቅዳሜ ማታ፣ ሚዛን ተፈሪ። ቡናው ተለቅሞ ተሸጧል፤ የአራታችንም ኪስ ሞቅ ብሏል። በምናዘወትረው ቡና ቤት ካራኦኬ ገብቷል፤ ጃፓኖች የጀመሩት፣ ትርጉሙ «ባዶ ኦርኬስትራ» የሆነው ማለቴ ነው።

አንዱ ጓደኛችን ዝምተኛ ነው፣ ማይክ አይነካም። ያን ምሽት ግን ተነሳና የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን መረጠ። «ለቴፒዋ ልጅ ነው!» ብለን አጨበጨብን። እኔም፣ ሳላፍር፣ አጨበጨብኩ። ልጅቷ ፊት ለፊት መናገር ከብዷት «እንዳይጠብቀኝ ንገርልኝ» ካለችኝ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር።

ዘፈኑ መሃል ላይ መብራት ድርግም! እሱ ግን አላቆመም። በጨለማው፣ ያለ ሙዚቃ፣ እስከ መጨረሻው ተወጣው። ቤቱ እርጭ አለ።

ሻማ ሲመጣ ላቡን እየጠረገ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ብትሰማው ትወደው ነበር፣ አይደል?»

«እስቲ ወደ ውጭ ብቅ እንበል» አልኩት።